ከማይታይ ቦታ

«ይሄ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ዓይን ያለው ያያል!» ስትል የሰማኋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። ታላቅ እህቴ ናት። ከእሷ ቤት እስከ እናታችን ቤት ሁለት አጥር ብቻ ነው፤ ድምፅዋ ግን አሥር አጥር እንዲሻገር ተደርጎ የተሠራ ነው። ተጉመጥምጬ ስወጣ የሟች አባታችንን ግራጫ የሱፍ ካፖርት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንደ በሽተኛ አጋድማዋለች። ብርዱ ስለጠና «ብል ከሚበላው ባሌ ይልበሰው» ብላ በማለዳ ከቁም ሣጥን አውጥታው ኖሯል። የግርጌውን እጥፋት ገልብጣ ስታየው፣ በውስጥ በኩል፣ ሲለበስ ለማንም በማይታይ ቦታ፣ የክብሪት ቀፎ ግማሽ የምታህል ቁራጭ የለችም። የተቆረጠችበት መስመር ቀጥ ያለ ነው። እህቴ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ካየች ፍርድ ለመስጠት ሌላ ማስረጃ አትጠብቅም።

«ባለፈው ሳምንት ሲጋራ ያቃጠለውን የደንበኛ ኮት አዲስ አድርጋ መለሰች። ግራጫ ነበር። ጨርቁን ከየት አመጣችው? ከሰማይ ወረደላት?» አለች። አመጣችው የተባለችው የወንድማችን ሚስት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ይህ ሁሉ ሲባል የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ወንድማችን የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አሥር ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ ነው፤ ዛሬም መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩም አይሠራም። «ከራሱ ከኮቱ እጥፋት ነው የወሰድኩት፣ እትዬ» አለች አንድ ጊዜ ብቻ። ነገር መድገም አታውቅም። ይህ ጠባይዋ ሌላ ጊዜ ያስመሰግናታል፤ እንዲህ ባለ ቀን ግን ጥፋተኛ ያስመስላታል።

ልብ አድርጉልኝ፤ እህቴ ይህን የምትናገረው የወንድማችን ሚስት የሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳ ነው። ከጓዳው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል በር ላይ በካርቶን የተጻፈ ዋጋ ተለጥፏል፦ ሱሪ ማሳጠር ሠላሳ፣ ዚፕ መቀየር ስልሳ፣ ቀሚስ ከአራት መቶ ጀምሮ። ለእህቴ ሁሉም በነፃ ነው። በነፃ ስለሆነ ነው መሰል በዓመት ስድስት ቀሚስ ታሰፋለች።

«ብል ይሆናል» አለች እማዬ ቀስ ብላ። ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ሶፋ ላይ፣ ከዘንባባው ሥር ናት። በቤታችን ዘንባባው የሚባለው ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለው ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። በመሥሪያ ቤቴ ማሽን ያነሳሁትና አባቴ ጡረታ ሲወጣ የሰጠሁት ነው። ዘንባባ እንዳልሆነ ለእንግዳ ማስረዳት ከተውኩ ቆይቷል።

«እማዬ ሙች፣ ብል ማስመሪያ ይዞ ነው የሚበላው?» አለች እህቴ። ከዚያ ፍርዱ መጣ። «ዛሬውኑ የስፌት ማሽኗን ይዛ እናቷ ቤት ትሂድልኝ። ወንድሜ ሲመለስ እኔው እነግረዋለሁ። የሙት ልብስ ከሚቆርጥ ሰው ጋር እናቴን አንድ ጣሪያ ሥር አላስቀምጥም።» የወንድሜ ሚስት ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። የእኔ ደም ግን ፈላ።

«ቆይ እትዬ፣ እስከ ማታ ታገሺ። ወስጄ አየዋለሁ» አልኩ።

«ደግሞ ዝንብ በወርቅ የምትቀቢበት ማሽን ሌባ መያዝ ጀመረ?» አለችኝ።

ቤተሰቤ ሥራዬን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳቱም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሚባል ማሽን ጥቃቅን ነገር አጉልቼ ሥዕል አነሳለሁ። ማሽኑ የሚያየው በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ስለሆነ ዝንብም ይሁን ቅጠል ወይም ፀጉር መጀመሪያ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ዓይን በማያየው ስስ ወርቅ ይለበጣል። እማዬ ይህን የሰማች ዕለት «ዝንቧ ወርቅ ለብሳ የአንቺ ጣት ባዶ!» ብላ ሦስት ቀን አዝናለች። በቅንድብ መንቀያዬ ከቀዳዳው ጠርዝ አምስት ስድስት ክር መዘዝኩ፣ ወረቀት ውስጥ አጠፍኳቸውና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

የምሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው። መጀመሪያ ፎቅ ላይ አድርገውት ነበር፤ ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ሥዕሉን ስላበላሸው አወረዱት። ዋጋው ከላያችን ያለውን ፎቅ ይገዛል ይላሉ። እኔ የምቀመጥበት ወንበር ግን አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ነው፤ ለወንበር በጀት የለም። በሩ ላይ የብሎኑ ሰውዬ ይጠብቀኛል። የአንድ ፋብሪካ ኃላፊ ነው፤ የተሰበረ ብሎን በመሐረብ ጠቅልሎ መጥቷል፤ መካኒኩ ከመጠን በላይ አጥብቆ እንደሰበረው የሚመሰክርለት ሥዕል ይፈልጋል። አየንለት። የተሰበረበት ፊት ላይ መስመር በመስመር የተደረደረ ምልክት አለ፤ ብሎኑ በአንድ ቀን ድንገት አልተሰበረም፣ ለወራት ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ ነው የኖረው። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው በይ፣ እህቴ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ማሽኑ ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንዳደረገው አይናገርም» አልኩት ኮፈስ ብዬ። ይህን አነጋገሬን እወደዋለሁ። በቀን ሁለቴ ካላልኩት ቅር ይለኛል።

ሪፖርቱን እስክጽፍለት ኮሪደር ላይ ይቀመጥ ብዬ አስወጣሁትና ወደ ራሴ ጉዳይ ዞርኩ። ክሮቹን የልብስ ቁልፍ በምታህል የአሉሚኒየም መቀመጫ ላይ በጥቁር ተጣባቂ ፕላስተር ለጠፍኳቸው። መለበጫው ውስጥ ከተትኳቸው፤ ሐምራዊ ብርሃን በራ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አለቀ፣ ወርቅ ለበሱ። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ሆድ ውስጥ አስገባሁና ፓምፑ አየሩን መጥጦ እስኪጨርስ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ስጸልይ የነበረው ብል እንዲሆን ነው። ብል የበላው ክር ጫፉ እንደ ተነከሰ ብስኩት ይጎረብጣል፤ አንድ ጊዜ ካየሁት ሥዕሉን አትሜ እህቴ እጅ ላይ አስቀምጣለሁ፣ የወንድሜ ሚስት ቤቷ ትቀመጣለች፣ እኔም ዕድሜ ልኬን «አላልኳችሁም?» እያልኩ እኖራለሁ።

ሥዕሉ መጣ። ሱፍ ሲጎላ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የተደራረበበት ግንድ ይመስላል። ከመካከሉ ደግሞ ቅርፊት የሌለው ለስላሳ ዘንግ አለ፤ ሱፉ ሰው ሠራሽ ክር ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ወደ ጫፎቹ ሄድኩ። ብል አይደለም። ግን መቀስም አይደለም! መቀስ ክሩን ከሁለት በኩል ቆንጥጦ ስለሚቆርጥ ጫፉን ይጨፈልቀዋል። እነዚህ ለጥ ብለው ነው የተቆረጡት፤ በብዙዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት ጭረቶች ይታያሉ። ምላጭ ነው፤ ያውም ሁለት ቦታ የተሸረፈ ምላጭ። እሰይ አልኩ። እህቴ ስትደውል ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።

«እትዬ፣ መቀስ አይደለም፤ ምላጭ ነው!»

እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከጩኸቷ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው። «ስፌት የምትፈታው በምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምላሴን በቆረጠው! የወንድሜ ሚስት ቀኑን ሙሉ ምላጭ በሁለት ጣቷ መሃል ይዛ ነው የምትውለው። እህቴ «በይ እግዜር ይስጥልኝ፤ ማሽንሽ ጎበዝ ነው» ብላ ዘጋችው። መልሼ ብደውል አታነሳም። የብሎኑን ሰውዬ ማን እንዳደረገው አይታወቅም ብዬ የመለስኩ ሴትዮ፣ በገዛ ቤቴ በአንድ ቃል ሰው ላይ አስፈረድኩ። ለወንድሜ ሚስት ደወልኩ። «እኔ እኮ ያን ለማለት አይደለም...» ማለት ጀመርኩ። «ምንም አይደል። ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አለች በለሆሳስ። ከኋላዋ ብረት ሲጋጭ ይሰማኛል፤ የስፌት ማሽኗን ከእግሩ እየፈታች ነው። እሷ ነች የዘጋችው።

ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ የገቡት ይህን ጊዜ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቅጠል ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ሲቆጥሩ የጨረሱ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን የሚፈልጉ። ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን ተመለከቱና፣ «የስልጠናሽን ሱፍ ደግሞ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?» አሉኝ።

«ኧረ የዛሬ ሥዕል ነው፣ ዶክተር።»

«አትቀልጂብኝ። ይቺን ለስላሳ ዘንግ፣ እነዚህን ሁለት ጭረቶች በየዓመቱ ለተማሪ አሳያለሁ። ናሙና በአሮጌ ምላጭ እንዳትቆርጡ የምላቸው እኮ በዚችው ሥዕል ነው!»

ክው አልኩ።

ከሰባት ዓመት በፊት ማሽኑ አዲስ ሲገባ አሠልጣኙ ለስድስታችን «ነገ ሁላችሁም ከቤታችሁ የምታዩት ነገር ይዛችሁ ኑ» ብሎን ነበር። አንዱ የቢራቢሮ ክንፍ አዘጋጀ፣ አንዷ የዓሣ ቅርፊት፣ እኔ ምንም። አዲስ ተቀጣሪ ነኝ፣ ባዶ እጄን ልሄድ ነው፣ ማሽኑን ለሌላ ይሰጡታል ብዬ ቤት ውስጥ ስነጫነጭ አመሸሁ። ጠዋት ስወጣ አባቴ የታጠፈ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ሸጎጠልኝ። ግራጫ ሱፍ ነበረበት። ከልብስ ሰፊ ሰፈር የለመነው ቁርጥራጭ መስሎኝ ከየት እንዳመጣው እንኳ አልጠየቅኩትም። የዚያን ዕለት ካነሳነው ሁሉ የእኔ ሱፍ በለጠ፤ ማሽኑ ላይ የተመደብኩትም በዚያ ነው። ሥዕሉን አትሜ፣ መስታወት አስገብቼ፣ ጡረታ ሲወጣ ሰጠሁት። ዘንባባውን ማለቴ ነው። አባቴ ስጦታውን ሲቀበል ረጅም ጊዜ ሳቀ። ደስ ብሎት መስሎኝ አብሬው ሳቅኩ።

የአሮጌ ናሙናዎች መሳቢያ ከታች ነው፤ እኛ ምንም ነገር አንጥልም። ተንበርክኬ ስፈልግ አቧራው አስነጠሰኝ። የእኔ የስልጠና ናሙና፣ ቁጥር አራት፣ መቀመጫዋ ላይ እንደተለጠፈች አሁንም በቦታዋ ናት፤ ከሥሯ ደግሞ ወረቀቱ አለ፣ የተረፈው ቁራጭ በውስጡ። አባቴ ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ያገለገለ ሰው ነው፤ ወረቀት ሲያጥፍ እንኳ አራቱም ማዕዘን እኩል ይመጣል። በላዩ ላይ በዚያ ባማረ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ሱፍ። ከማይታይ ቦታ የተወሰደ።» የዚያን ጊዜ አንብቤው የመሥሪያ ቤት ልማዱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አሮጌውንና አዲሱን ናሙና ጎን ለጎን አስገባኋቸው። ሁለት ጭረት፣ ሁለት ጭረት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ዓይነት። አባቴ ቆጣቢ ነበር፤ በአንድ ምላጭ ወር ሙሉ ጢሙን እየላጨ በየጠዋቱ ጉንጩ እየደማ ይወጣ ነበር። ያለው ጥሩ ካፖርት አንድ ነው። እሱን ነው የቆረጠልኝ። ከዚያ ሌላ አምስት ዓመት እየለበሰው፣ እየቦረሸው፣ ከራሱ ካፖርት ሥዕል ሥር ቁጭ ብሎ እንግዳ ስለ ዘንባባ ሲጠይቀው በሆዱ እየሳቀ ኖሮ ሞተ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ዶክተሩ ደንግጠው መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ያወጡት የደረቀ ቅጠል ነው።

ወረቀቱንና ቁጥር አራትን ይዤ ስሮጥ የብሎኑ ሰውዬ ከኮሪደሩ ወንበር ተነሳ። «እህቴ፣ ሪፖርቱስ?»

«ለመሰበር ስድስት ወር የፈጀ ብሎን እስከ ነገ ይታገሣል!» ብዬው ደረጃውን ወጣሁ።

ቤት ስደርስ በሩ ላይ ታክሲ ቆሟል፤ ሹፌሩ የኋላውን ክፍት አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ሳሎን ውስጥ የስፌት ማሽኑ ራስ በአንሶላ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የወንድሜ ሚስት ጫማዋን እያሰረች ነው፣ እህቴ እጆቿን አጣምራ መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ እማዬ ሶፋዋ ላይ ጣቶቿን ትቆጥራለች። ካፖርቱ ከጠዋቱ ቦታው አልተነሳም።

«ሌባውን ይዤዋለሁ» አልኩ እያለከለክሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሶፋው ላይ ወጥቼ ዘንባባውን ከሚስማሩ አወረድኩትና ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። የአባቴን ወረቀት ፈታሁ። ቁራጯን በቀዳዳው ላይ አኖርኳት፤ በአንድ ጥግ ለናሙና የተወሰደች ጎዶሎ አለች፣ እሷንም ቁጥር አራት ላይ እንደተለጠፈች አጠገቧ አስቀመጥኳት። ገጠመች። ከዚያ ለእህቴ ወረቀቱን ሰጠኋት። የአባታችንን ጽሑፍ ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ከዚህ ካፖርት ነው እንዴ ይሄ ዘንባባ?» አለች እማዬ። ነገሩን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ለካስ ለዚህ ነው! ካፖርቱን ላጽዳልህ ስለው ‘እኔው እቦርሸዋለሁ’ እያለ የሚነጥቀኝ ለዚህ ነው! አይ አንተ ሰው!» ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ፊቷ ግን ይስቃል። «እንግዳ ሲጠይቀኝ ታዲያ ከእንግዲህ ምን ልበል?»

«የባለቤቴ ካፖርት ነው በያ።»

«ማን ያምነኛል? ዘንባባ ይሻለኛል።»

የወንድሜ ሚስት ጫማዋን ማሰር ትታ ቁጭ ብላለች። አጠገቧ ሄድኩ። «ምላጭ ነው ብዬ ያስፈረድኩብሽ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ምላጭ መሆኑ እውነት ነው» አለች ቀና ብላ እያየችኝ። «ግን እሷ አይደለችም አላልሽም። ጠዋትም አላልሽም። ወስጄ አየዋለሁ ነው ያልሽው።»

ሰባት ዓመት ሙሉ የማይታየውን አያለሁ እያልኩ ስጎርር፣ ሁለት ዓመት አብራኝ የበላች ሴት ለማመን ክር መዝዤ ሄድኩ። ውሃ ሆንኩ። እሷ ግን ከዚያ በላይ አልጨመረችም፤ ነገር መድገም አታውቅም ብያችኋለሁ። ካፖርቱን አነሳች፣ ቁራጯን አነሳች፣ ቁጥር አራትንም በጥፍሯ ከፕላስተሩ ላይ ቀስ አድርጋ ላጠቻት፣ ወደ ጠባቧ ክፍል ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው። ታክሲው ጥሩምባ ነፋ። እህቴ ወጥታ የሆነ ነገር ሰጥታው ሸኘችው።

ሦስታችን ባዶው ሚስማር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ያስሞቀው የለም። እህቴ የቀሚሷን ጠርዝ ታገላብጣለች፤ ስፌቱን ገና ዛሬ ያየችው ይመስለኛል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተከፈተና የወንድሜ ሚስት ካፖርቱን እህቴ ጭን ላይ አስቀመጠች። እህቴ እጥፋቱን ገለበጠች። በጣቷ ዳሰሰች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች፣ መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች። ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ጠፍቷል።

«የቱ ጋ ነው የሰፋሽው?» አለች በመጨረሻ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ።

«እስከ ማታ ይታገሡ፣ እትዬ» አለች የወንድሜ ሚስት በዓይኗ ወደ እኔ እየጠቆመች። «እሷ ወስዳ ታየዋለች።»

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ከዚያ እኔ፣ እያፈርኩ። እህቴ አልሳቀችም። ካፖርቱን በጥንቃቄ አጥፋ ለእማዬ ሰጠቻት፤ ባሌ ይልበሰው ያለችውንም አላነሳችም። ከዚያ ጎንበስ አለችና በአንሶላ የተጠቀለለውን የስፌት ማሽን አቅፋ ብድግ አደረገችው። ከባድ ነው፤ ወንድማችን እንኳ ብቻውን አያነሳውም። ልርዳሽ ብላት በክርኗ ገፋችኝ። ግድግዳ እየገጨች፣ እያቃሰተች፣ በጓዳው አልፋ ጠባቧ ክፍል ውስጥ አስገባችው። ከውስጥ ድምፅዋ ተሰማ፣ እንደ ወትሮው አሥር አጥር የሚሻገረው፦ «ነይ እንጂ! ብሎኑ የት የት እንደሚገባ ንገሪኝ፤ እኔ ነኝ የማስረው!»